ኤፍ-5 እና ሚግ-21 በኦጋዴን ሰማይ፦ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የአየር የበላይነቱን የያዝነው በምን ምክንያት ነው? ይህን ባነሳሁ ቁጥር አንዱ ‹የአሜሪካው ኤፍ-5 ከሩሲያው ሚግ-21 ስለሚበልጥ ነው› ይለኛል፤ ሌላው ‹ኩባና ሶቪየት ባይደርሱልን ኖሮ አልቆልን ነበር› ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ‹አብራሪዎቹ እስራኤላውያን ነበሩ› ብሎ ይምላል። የተመቱት አውሮፕላኖች ቁጥርም ከሰው ሰው ይለያያል። አባቴ በዚያ ጊዜ በምሥራቅ ግንባር የእግረኛ ጦር ባልደረባ ስለነበሩ ጉዳዩ ለእኔ ከተራ ክርክር በላይ ነው። እውነቱ የቱ ነው?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፤ ጥያቄዎ ብዙ ጉዳዮችን በአንድ ገመድ ያሰረ ስለሆነ ፈታ አድርጌ ልመልስልዎ። እኔ በሙያዬ የአውሮፕላን ጥገና ሰው ነኝ፤ ስለዚህ የአየር ውጊያን የማየው ከአብራሪው መቀመጫ ብቻ ሳይሆን አውሮፕላኑ ተሞልቶና ታጥቆ ከሚነሳበት ሜዳ ጭምር ነው። ከዚያ ሆኖ ለሚያይ ሰው «የትኛው አውሮፕላን ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ አያራምድም። ከእርሱ በፊት መቅደም ያለበት «መቼ?» የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ሰዎች እርስ በርስ የሚካሰሱበት የዚህ ክርክር ትልቁ ክፍል ቀኖቹን በቅደም ተከተል በመደርደር ብቻ መልስ ያገኛል።

የሶማሊያ መደበኛ ጦር ወደ ኦጋዴን በስፋት የገባው በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ነው። የሁለቱ አገሮች ጄቶች በአየር ላይ ፊት ለፊት መጋጠም የጀመሩትም በዚያው ወር ነው። ድሬዳዋን ለመያዝ የተደረገው ከባድ ጥቃት በነሐሴ አጋማሽ ተሞክሮ ከሸፈ፤ ጅጅጋ በመስከረም 1970 መጀመሪያ ወደቀች። ሶቪየት ኅብረት ለሶማሊያ የጦር መሣሪያ መስጠት ማቆሟን በግልጽ ያሳወቀችው በጥቅምት ነው። የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የነበረውን የወዳጅነት ውል ሰርዘው የሶቪየት አማካሪዎችን ያባረሩት ኅዳር 4 ቀን 1970 ሲሆን፣ ብዙ የሚነገርለት የሶቪየት የአየር ድልድይ ታንክ፣ መድፍና ጥይት እያመላለሰ በሙሉ ኃይሉ የተንቀሳቀሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጅጅጋ አጠገብ ያለው የካራማራ ተራራ በእጃችን የተመለሰው የካቲት 26 ቀን 1970 ነው።

አሁን የአየር ውጊያውን በዚህ ላይ ያስቀምጡት። የጄት ለጄት ፍልሚያው የለየለት በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም ነው። ከዚያ በኋላ የሶማሊያ ተዋጊ ጄቶች በውጊያው ሰማይ ላይ እምብዛም የማይታዩ ሆኑ፤ የኢትዮጵያ ጄቶች ግን የጠላትን የስንቅና የነዳጅ መስመር እየተከተሉ ይመቱ ነበር። ስለዚህ የአየር የበላይነቱን ኩባውያንና ሶቪየቶች አመጡልን የሚለው አባባል ከቀኖቹ ጋር አይገጥምም። እነርሱ ሲደርሱ ሰማዩ አስቀድሞ ተይዞ ነበር። ኩባውያን በምድር ጦርነቱ የከፈሉት መሥዋዕትነት ግን እውነተኛና ትልቅ ስለሆነ ወደ እርሱ ኋላ እመለሳለሁ።

የፖለቲካውን ነገር ሳያነሱ አውሮፕላኖቹን መረዳት አይቻልም። የኢትዮጵያ አየር ኃይል በስዊድናውያን አሠልጣኞች እጅ ደብረ ዘይት ላይ ከተደራጀ በኋላ፣ በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው የመከላከያ ውል መንገዱን ቀየረው። አሜሪካ በአሥመራ የቃኘው የመገናኛ ጣቢያን አገኘች፤ ኢትዮጵያ በበኩሏ ሥልጠናና መሣሪያ አገኘች። ኤፍ-86 መጣ፣ ከዚያም ኤፍ-5ኤ ተከተለ። በወዲያኛው ወገን ዚያድ ባሬ በ1962 ሥልጣን ከያዙ በኋላ ሶማሊያ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተጠጋች፤ በ1966 የወዳጅነት ውል ተፈራረመች፤ በርበራ ላይ ለሶቪየት ባሕር ኃይል መጠለያ ሰጥታ ሚግ-21ን ጨምሮ ዘመናዊ መሣሪያ ታጠቀች። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ አዲሱን ኤፍ-5ኢ አጥብቃ የጠየቀችው ይህን በማየት ነው፤ የመጀመሪያዎቹም በ1968 ገቡ።

ነገር ግን 1969 ዓ.ም. ሁሉን ነገር ገለባበጠው። ደርግ በታኅሣሥ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የመጀመሪያውን የጦር መሣሪያ ስምምነት በምስጢር ፈረመ፤ በየካቲት የካርተር መንግሥት በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ወታደራዊ እርዳታ እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ በሚያዝያ አጋማሽ ደርግ ቃኘውንና የአሜሪካን ወታደራዊ ልዑክ ዘጋ። በዚህ መካከል ፊደል ካስትሮ በመጋቢት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና ዚያድ ባሬን ኤደን ላይ አገናኝተው ሁለቱን «ሶሻሊስት» መንግሥታት ለማስታረቅ ሞክረው ሳይሳካላቸው ቀረ። የዚህ ሁሉ ውጤት በአየር ኃይሉ ላይ ምን ነበር ቢሉ፣ ከታዘዙት ኤፍ-5ኢ ጄቶች ውስጥ እጅ የገቡት ስምንት ያህል ብቻ ሆኑ፤ የቀሩት አልመጡም። መለዋወጫውም ተቋረጠ። ጦርነቱ ሲጀመር እንግዲህ የእኛ አብራሪዎች አምራቹ ፊቱን ባዞረባቸው አውሮፕላኖች ነበር የሚዋጉት። የሶማሊያ አብራሪዎች ደግሞ ሻጩ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ጠላታቸው በሚዞርባቸው አውሮፕላኖች ይበሩ ነበር። ሁለቱም ወገኖች በጊዜ የተገደበ ኃይል ነበራቸው፤ የሶማሊያ መንግሥት ያን ሐምሌ የመረጠውም ኢትዮጵያ በኤርትራ፣ በሰሜን ምዕራብና በከተሞች ውስጥ በእርስ በርስ ግድያ ተወጥራ፣ ከአሜሪካ ተለያይታ ከሶቪየትም ገና ሳትጠነክር በነበረችበት ጠባብ ወቅት መሆኑን አይቶ ነው።

አሁን ወደ አውሮፕላኖቹ ልምጣ። በወረቀት ላይ ሚግ-21 ይበልጣል። በከፍታ ላይ ከድምፅ ፍጥነት በእጥፍ ይበራል፤ ኤፍ-5ኢ ግን ከ1.6 እጥፍ አያልፍም። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር በኦጋዴን ሰማይ ላይ ብዙም ዋጋ አልነበረውም። የአየር ግጥሚያ የሚካሄደው ሁለቱ አውሮፕላኖች እየተጠማዘዙ ከኋላ ለመግባት ሲሻሙ ነው፤ ያ ደግሞ የሚሆነው ዝቅ ባለ ከፍታና ከድምፅ ባነሰ ፍጥነት ነው። እዚያ ላይ የሚግ-21 የሦስት ማዕዘን ክንፍ በጠባቡ ሲዞር ፍጥነቱን ቶሎ ይበላበታል፤ አብራሪው ወደ ኋላ የሚያየው ጥቂት ነው፤ ነዳጁም አጭር ነው። ከሃርጌሳ እስከ ድሬዳዋ በአየር 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያን በርሮ ደርሶ፣ ተዋግቶ፣ ለመመለስ የሚበቃ ነዳጅ መያዝ የሚግ-21 አብራሪ ሁልጊዜ በልቡ የሚቆጥረው ሒሳብ ነው። ኤፍ-5ኢ ትንሽ ነው፣ ከሩቅ ለማየት ያስቸግራል፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ይታዘዛል። የአሜሪካ አየር ኃይል ራሱ ሚግ-21ን እያስመሰለ የገዛ አብራሪዎቹን የሚያሠለጥነው በኤፍ-5ኢ ነበር፤ ይህም ሁለቱ በባሕርይ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ያሳያል። ስለዚህ «ኤፍ-5 ስለሚበልጥ ነው» የሚለውም መልስ አይበቃም። የሚቀራረቡ አውሮፕላኖች ናቸው፤ ልዩነቱን የፈጠረው ሌላ ነገር ነው።

ሚሳይሎቹም ቢሆኑ እንዲሁ ናቸው። ኤፍ-5 የሚታጠቀው ሳይድዋይንደር ሙቀት ተከታይ ሚሳይል ነው፤ ሚግ-21 የሚታጠቀው አር-3ኤስ ደግሞ የዚያው የሳይድዋይንደር ቅጂ ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. በታይዋን ወሽመጥ ግጭት ቻይናውያን እጅ የገባ ሳይድዋይንደር ለሶቪየት መሐንዲሶች ተላልፎ ከእርሱ ተገለበጠ። በኦጋዴን ሰማይ ላይ ሁለቱ ወገኖች የተኮሱት እንግዲህ የአንድ አባት ልጆችን ነው።

ልዩነቱ የት ነበር? አንደኛው በሥልጠና ነው። የኤፍ-5 አብራሪዎቻችን አሜሪካ ውስጥ፣ የውጭ አገር የኤፍ-5 አብራሪዎች በሚሠለጥኑበት በአሪዞናው የዊሊያምስ ጦር ሰፈር ጭምር፣ ለብቻቸው አይተው ለብቻቸው እንዲወስኑ የተማሩ ነበሩ። በሶቪየት ሥርዓት የሠለጠነ አብራሪ ግን በዚያ ዘመን የሚመራው በአብዛኛው ከምድር ነው፤ የራዳር ጣቢያው «ወደዚህ ታጠፍ፣ ይህን ከፍታ ያዝ፣ አሁን ተኩስ» እያለ ያደርሰዋል። ይህ ዘዴ የራስን ከተማ ለመከላከል ጥሩ ነው። ነገር ግን አብራሪው ድንበር ተሻግሮ 200 ኪሎ ሜትር ሲርቅ፣ ያውም ዝቅ ብሎ ሲበር፣ የሃርጌሳ ራዳር አያየውም፤ የሚመራው ድምፅ ይጠፋል። ብቻውን ይቀራል። የሶማሊያ አብራሪዎች ፈሪ ነበሩ ብሎ መናገር ውሸትም ነውር ነው፤ የተማሩት የውጊያ ዓይነት እንዲዋጉት ከታዘዙት ውጊያ ጋር አልገጠመም።

ሁለተኛው ልዩነት በራዳር ነው። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ያገኘችው ተንቀሳቃሽ ራዳር በካራማራ ተራራ ላይ ተተክሎ ነበር። ካራማራን በመኪና የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ከላይ ሆነው ሲያዩ የጅጅጋ ሜዳ እስከ ዓይን መድረሻ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። ዓይን የሚያየውን ራዳሩ ደግሞ በብዙ እጥፍ አርቆ ያይ ነበር፤ በሐምሌና በነሐሴ የጠላት ጄቶች ሲመጡ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ዓይን ነበረን ማለት ነው። አብራሪ ጠላቱን አስቀድሞ ካወቀ ከፀሐይ በኩልና ከከፍታ ይመጣል፤ ካላወቀ ግን ምንም ጎበዝ ቢሆን ከኋላው ይገባበታል። ጅጅጋ ስትወድቅ ያን ቦታ አጣን፤ የካራማራ መጥፋት ለአየር ኃይሉም ያን ያህል መሪር የሆነው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ብዙ የማይነገርለት ነው፤ የእኔም ሙያ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ኤፍ-5ኢ በአፍንጫው ላይ ሁለት የ20 ሚሊ ሜትር መድፎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ 280 ጥይት ይጎርሳል። መድፉ በደቂቃ 1,500 ጥይት ያህል ስለሚተፋ፣ አብራሪው ጣቱን ሳያነሳ ቢተኩስ ጥይቱ በ11 ሴኮንድ ገደማ ያልቃል። በክንፉ ጫፍና ጫፍ አንዳንድ ሳይድዋይንደር ይሰቀላል፤ ሚሳይሉን ሦስት አራት ሰዎች በእጃቸው አንስተው፣ ትከሻቸውን አስጠግተው፣ ከክንፉ ጫፍ ሐዲድ ጋር ገጣጥመው ወደ ኋላ ይገፉታል። ይህን በድሬዳዋ የነሐሴ ሙቀት፣ ሞተሩ ገና ባልቀዘቀዘ አውሮፕላን ሥር ያስቡት። አንዱ ነዳጅ ይሞላል፣ አንዱ ጎማውን እየዳሰሰ የተላጠ ክር ይፈልጋል፣ አንዱ የጥይት ሰንሰለቱን ይመግባል፣ አንዱ መሰላሉ ላይ ቆሞ የአብራሪውን መቀመጫ ቀበቶ ያጠብቃል። ጥቂት አውሮፕላን ብቻ ያለው አገር የሚዋጋው በቁጥር ሳይሆን በምልልስ ነው፤ አንድ አውሮፕላን በቀን አራት ጊዜ ከተነሳ እንደ አራት አውሮፕላን ይቆጠራል። መለዋወጫ ሲጠፋ ደግሞ አንዱ አውሮፕላን ቆሞ ክፍሎቹ ለሌሎቹ ይፈታሉ። የሶማሊያ ሚጎች ብዛት በወረቀት ላይ ይበልጥ ነበር፤ በአንድ ቀን ስንቱ ተነስቶ ስንቴ ይመለሳል የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እነዚያ የደብረ ዘይት የጥገና ሰዎች ስማቸው በየትኛውም ክርክር ውስጥ አለመነሳቱ ያንገበግበኛል።

እስራኤልን በተመለከተ የሚነገረው ከእውነት የተቀነጨበ ነው። እስራኤል በዚያ ጊዜ ለኢትዮጵያ ወታደራዊ እርዳታ ታደርግ ነበር፤ ይህንም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሞሼ ዳያን በ1970 ዓ.ም. ጦርነቱ ሳያበቃ በአደባባይ ተናግረውታል። ነገር ግን መሣሪያ ማቀበል ሌላ፣ አውሮፕላን ማብረር ሌላ ነው። ለዚህ አንድ ቀላል ማገናዘቢያ ላቅርብልዎ። ሶማሊያ ከ1966 ጀምሮ የአረብ ሊግ አባል ነበረች፤ በዚያ ጦርነት የአረብ መንግሥታትን ድጋፍ እንደ ውኃ ትፈልግ ነበር። አንድ እስራኤላዊ አብራሪ ቢማረክላት ኖሮ በማግስቱ ለዓለም ባሳየችው ነበር። ተመትተው ወድቀው የተማረኩት አብራሪዎች ግን ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ስማቸውም፣ ቤተሰባቸውም፣ የእስር ዘመናቸውም የታወቀ ነው።

ስለ ኩባውያንና ሶቪየቶች ቃሌን ልጠብቅ። ከኅዳር 1970 በኋላ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የኩባ ወታደሮች ገቡ፤ የማጥቃት ዘመቻው ዕቅድ በሶቪየቱ ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ ተሳትፎ ተነደፈ፤ የኩባ አብራሪዎችም በሚግ-17 እና በሚግ-21 ለምድር ጦሩ ድጋፍ ሰጡ። ካራማራን በግንባር ብቻ መስበር ብዙ ሕይወት ስለሚያስከፍል፣ ግዙፎቹ ሚ-6 ሄሊኮፕተሮች ወታደሮችንና ቀላል ብረት ለበሶችን ከተራራው ማዶ አሳርፈው ጠላትን ከኋላ አስያዙት። ይህ የአቪዬሽን ሥራ ነው፤ ትልቅም ሥራ ነው። ሄሊኮፕተር ግን የጠላት ጄት በሚዞርበት ሰማይ ላይ እንዲህ ተዝናንቶ ሰው ማመላለስ አይችልም። በክረምቱ ወራት የተከፈለው ዋጋ በበጋው የተገኘውን ዕድል ፈጠረ ብል ነገሩን ያለ ማጋነን የገለጽኩት ይመስለኛል። ሁለቱን ማነጻጸር አይገባም፤ አንዱ ለሌላው መሠረት ነው።

የተመቱት አውሮፕላኖች ቁጥር የሚለያየው ለምንድን ነው ላሉት፣ እኔ አንድ ቁጥር አንስቼ «ይኸው» አልልዎትም። በየትኛውም አገር የአየር ጦርነት፣ አብራሪዎች መታን የሚሉት ቁጥር ጠላት ጠፋብኝ ከሚለው ይበልጣል። ይህ ከውሸት የመጣ አይደለም። ሁለት አብራሪዎች በአንድ ዒላማ ላይ ይተኩሱና ሁለቱም በቅንነት «መታሁ» ይላሉ፤ ጭስ እየተፋ ዝቅ ያለ አውሮፕላን እንደ ወደቀ ተቆጥሮ ሃርጌሳ ገብቶ ይጠገናል፤ በምድር ላይ የተቀመጠ አየር መቃወሚያ የመታው ለጄት ይሰጣል። ጉዳዩ የሚጣራው የአውሮፕላኑ የካሜራ ፊልም፣ የወደቀው ስብርባሪ መለያ ቁጥርና የጠላት የራሱ መዝገብ ሲገጣጠሙ ነው። የሶማሊያ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲፈርስ መዝገቡም አብሮት ጠፋ። ስለዚህ አንድ ሰው ቁጥር ሲነግርዎ «መታሁ ያለው ማን ነው? በማን መዝገብ የተረጋገጠ? በጄት ብቻ ወይስ ከአየር መቃወሚያው ጋር ተደምሮ?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ከሌለው ቁጥሩን ይተዉት። የበላይነቱን የሚያሳየው ከመስከረም በኋላ ማን ይበር እንደነበርና ማን እንዳቆመ ነው፤ ይህ ደግሞ አያከራክርም።

የአብራሪዎቹን ዕጣ ግን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ ፖለቲካው አውሮፕላኑን ብቻ ሳይሆን ሰዎቹንም ነው የበላው። በዚያ ጦርነት በኤፍ-5 ስመ ጥር የሆኑት ለገሠ ተፈራ አውሮፕላናቸው ተመቶ ተማረኩና በሶማሊያ እስር ቤት 11 ዓመት ቆዩ። በጦርነቱ ጊዜ አየር ኃይሉን የመሩት ፋንታ በላይ በ1981ዱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተጠርጥረው ታስረው በእስር ላይ ሳሉ ተገደሉ። ግንቦት 8 ቀን 1981 በዚያው ሙከራ የወቅቱ የአየር ኃይል አዛዥ አምሐ ደስታ ሕይወታቸውን አጡ። አንድን የበሰለ አብራሪ ለማፍራት ስንት ዓመትና ስንት በረራ እንደሚፈጅ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ከማንኛውም ሚሳይል የከፋ ኪሳራ ነው።

የሶማሊያውም ታሪክ ከዚህ አይሻልም። መንግሥቱና ዚያድ ባሬ በ1980 ዓ.ም. በመጋቢት ተስማምተው እስረኞች እንዲለዋወጡ ሲወስኑ እነ ለገሠ ተፈራ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የዚያው ስምምነት ሌላኛው ፊት ግን ሁለቱ መንግሥታት አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ መርዳት እንዲያቆም የሚል ነበር፤ ከኢትዮጵያ ምድር ይንቀሳቀስ የነበረው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ መቆሚያ እንደሚያጣ ሲያውቅ በግንቦት ወር ቡርኦንና ሃርጌሳን አጠቃ። የዚያድ ባሬ መንግሥት የመለሰው በአየር ድብደባ ነው። ጄቶቹ ከሃርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሱ ሃርጌሳን ራሷን ደበደቡ። ዛሬ በከተማዋ መካከል በመደብ ላይ የተሰቀለው ሚግ-17 የዚያ መታሰቢያ ነው፤ ሥሩ ሻይ የሚጠጡት ሰዎች የሚያስታውሱት ከእኛ ጋር የተደረገውን ጦርነት ሳይሆን የገዛ መንግሥታቸው ያፈሰሰውን ደም ነው።

በመጨረሻ፣ አባትዎ በሕይወት ካሉ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። በምድር ላይ ያለ ወታደር የጄት ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ ወደ ምሽግ ይገባል፤ የወገን መሆኑን ሲለምድ ግን ቀና ብሎ ያያል። አባትዎ ጎንበስ ማለት ትተው ቀና ብለው ማየት የጀመሩት በየትኛው ወር፣ የት ግንባር ላይ ሆነው እንደ ነበር ያስታውሱ እንደሆነ ይጻፉልኝ። ይህ በየትኛውም የቁጥር ሰንጠረዥ ውስጥ የማይገኝ ምስክርነት ነው፤ ከእርሳቸው ትውልድ ውጭም የሚሰጠን የለም።